ጥቁር በጥቁር ላይ

ሱቄ ፍራንኮ ነው፣ ከጎማ ጠጋኙ ቀጥሎ ያለው ጥጉ፤
በመርፌ ነው የምኖር፣ የሰው ደረት ላይ ሲሰፋ ማዕረጉ።
የጥበቃ ክንድ፣ የተማሪ ኪስ፣ የአስተናጋጅ ኮሌታ፣
የሰፈር ኳስ ቡድን ነብሩ እንዳይስቅ፣ ጥርሱን ሳቃና ማታ።

ሐሙስ ቀን፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሲያስጮኸው፣
ከዩኒቨርሲቲው መጡ፣ ስድስት ሆነው በአንድ ባጃጅ ታጭቀው።
«ሰማይ ልንልክ ነው» አለችኝ ሲምቦ፣ ረጅሟ፣ ባለመነጽሯ፤
«ፊኛ ናት፣ ትልቅ፤ ካሜራና ሬዲዮ ይንጠለጠላል ከሥሯ።
ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሽቅብ፤ እዚያ ሰማዩ ይጠቁራል በቀን።
አርማ ስፊልን እትዬ ዘምዘም፤ ያለ አርማ መላክ
መወርወር እንጂ ተልእኮ አይሆን።»

ሥዕሉን ዘረጉት።
አንበሳ አለ። ርግብ አለ። መጽሐፍ፣ ጨረቃ፣
የነፋስ ተርባይን ባለ ሦስት ክንፍ፣
ምድር በመዳፍ ተይዛ፣ በዙሪያዋ ጽሑፍ፣
በጽሑፉም ዙሪያ ጽሑፍ።

«ልጆቼ» አልኩ፣ «ዘጠኝ ሴንቲ ክብ ናት፤ አንበሳው እዚህ ቢገባ
የታመመ ድመት ይሆናል፣ ርግቧም የረገፈ አበባ።
ክር ቀለም አይደለም፤ ክር ውፍረት አለው፤ ክር መሬት ይፈልጋል፤
ከአራት ሚሊ ያነሰ ፊደል እግሩን ይጥላል፤
‹ቢ› ሆኖ ይገባና ‹በ› ሆኖ ይወጣል።»

ተጨቃጨቁ፣ ቆመው፤ የማስቀምጥበት ወንበር የለኝ።
አንዱ ለአንበሳው ሲሟገት፣ «እሱን ካነሣን ማን ያውቀናል?» አለኝ።
ሲምቦ እርሳስ ይዛ ሰረዘች። መጽሐፉ ሄደ። ጨረቃም ሄደች፤
«አንደርስባትም፣ የማንደርስበትን አንስፋ» አለች።
ርግቢቱ ግን አልሞት ብላ
ሦስቴ ተሰርዛ ሦስቴ ተሣለች።

ሲመሽ የቀረው ይኸው፦
ክብ። ጥቁር ሰማይ። ከታች ቡናማ ኮረብታ፣
አንድ ተርባይን፣ ክንፉን የዘረጋ ወደ ከፍታ፤
ከኮረብታው በላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር፣ አየሩ፣
የሰው ሁሉ ትንፋሽ፣ በሁለት ክር ማጠሩ።
ነጭ ነጥብ፣ ፊኛዋ።
ስድስት ኮከብ፣ ለስድስቱ።

«ሰባት» አለ ኢዮስያስ፣ እስከዚያ ድረስ ዝም ያለው።
«ሰባት ነበርን። ሬዲዮውን የበየደው ሂርጳ ነው።»

ሂርጳ አንድ ማክሰኞ አልጋውን አንጥፎ ወጣ፤
ስልኩ አይጠራ፣ እናቱ ሁለቴ መጥታ ሄደች፣ እሱ ግን አልመጣ።
መተማ ያለ አለ። ጅቡቲ ያለ አለ።
«ኮከብ ከሰጠነው፣ ሞቷል ማለታችን ነው።»
«ካልሰጠነውስ? አልነበረም ልንል ነው?»
የጎማው ፓምፕ ብቻ ይተነፍስ ነበር ከውጭ።

እኔ ስለ ሰማይ ምን አውቃለሁ?
የማውቀው ክር ነው።
ጥቁር ክር አነሣሁ፣ በጥቁሩ ሰማይ ላይ፤
ሌላው ስፌት ቁልቁል ሲወርድ፣ እሷን ብቻ በአግድም መራሁ።
ፊት ለፊት ካየሃት የለችም።
ወደ በሩ ብታዘነብላት፣ ብርሃን በጎን ቢነካት፣
ብልጭ ትላለች።

የጠፋውን ጣፍኩት።
የድሮ ሰው መጻፉንም መጣፍ ይለዋል፣ ቀዳዳ መድፈኑንም፤
እኔ የቱን እንደሠራሁ አላውቅም።
ሲምቦ አርማውን አዘነበለች፣ አቀናች፣ ደግሞ አዘነበለች፤
ሂሳቡን ሳትጠይቅ ከፈለች።

ቅዳሜ ንጋት ለቀቋት። ሬዲዮው አርባ ደቂቃ አወራ፣
ከዚያ ጸጥ።
ሳጥኑን በዘጠነኛው ቀን መልካሳ አካባቢ አገኙት፣ ቦሎቄ ማሳ ውስጥ፤
ካሜራው ተሰብሯል፣ አርማው አቧራ ብቻ ነው የለበሰ።

ከሙከራዎቹ አንዷ፣ ክሯ ከርሮ ጠርዟ የተኮማተረ፣ እኔ ጋ ቀርታለች።
ለጎማ ጠጋኙ ልጅ፣ ለፈድሉ፣ የሱሪው ጉልበት ላይ ሰፋኋት።
ከሲኖትራክ ሥር ተንበርክኮ ብሎን ሲፈታ፣
የአሥር ሰዓት ፀሐይ ከጎን ስትመታው
ሰባት እቆጥራለሁ።
አንዳንድ ቀን ስድስት።